ልማድ የሚታሰርበት ችካል፦ ጤናን ከገጠር ሥራ ጋር ከወቅት ወቅት ማስኬድ

በገጠር ቤት የተጀመረ ጥሩ ልማድ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው በስንፍና ሳይሆን ወቅት ሲዞር ነው። በደረቁ ወራት ከምንጭ ሲመለስ እጁን መታጠብ የለመደ ሰው ዝናብ ሲገባ ከጣሪያ ይቀዳል፤ የምንጩ መንገድ ሲቀር መታጠቡም አብሮ ይቀራል። በእርሻ ሰሞን ቀኑን ሙሉ ሲለፋ የከረመ አካል ሥራ ሲቀዘቅዝ ደጅ ላይ ይቀመጣል፤ ምግቡ ግን በእርሻው ሰሞን ልክ መቅረቡን አይተውም። ሰውየው ያው ነው። የተነቀለው ልማዱ የታሰረበት ችካል ነው።

ግጦሽ ሲያልቅ ችካል ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል ለከብት ጠባቂ የዘወትር ሥራ ነው። ለልማድም እንዲሁ ነው፣ ግን ማንም አስቦ አያደርገውም። እ.ኤ.አ. በ2009 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ያወጡት ጥናት 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትሎ ነበር። እያንዳንዱ ሰው አንድ ትንሽ ነገር መርጦ በየቀኑ ከአንድ የታወቀ ክንውን ጋር አያይዞ እንዲያደርግ ተጠየቀ። ነገሩ ሳያስቡ የሚደረግ እስኪሆን የወሰደው ጊዜ መካከለኛው 66 ቀን ነበር፤ እንደየሰውና እንደየልማዱ ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ የሥራ ወቅት ደግሞ ሦስት ወር ገደማ ነው። እንግዲህ ልማዱ ሥር ያዘ ሲባል ወቅቱ ሊያልቅ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው።

ችካሉን መምረጥ

ለሦስት ቀን ሳያስቡ የሚሠሯቸውን ሥራዎች በቅደም ተከተላቸው ይጻፉ። ከዚያ በሁለት ይክፈሏቸው። እሳት ማቀጣጠል፣ ከብት መፍታትና ማስገባት፣ ዶሮ መክተት፣ ከመጸዳጃ ቤት መውጣት፣ ማታ በር መዝጋት ዓመቱን ሙሉ አሉ። አረም፣ አጨዳ፣ ውቂያ፣ ከሩቅ ውሃ መቅዳት ግን መጥተው ይሄዳሉ። በየቀኑ ሊቀጥል የሚገባው ልማድ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ይያያዝ። ወቅቱ የሚጠይቀው ጥንቃቄ (ለምሳሌ በአጨዳ ሰሞን ውሃ መጠጣት) ከሁለተኛዎቹ ጋር ቢያያዝ ጉዳት የለውም፤ ሥራው ሲያልቅ ልማዱም እንደሚያልቅ አስቀድመው ካወቁት።

አያያዙ በአንድ ዓረፍተ ነገር መነገር አለበት፦ «ዶሮዎቹን ከከተትሁ በኋላ እግሬን ታጥቤ አደርቃለሁ።» «ማታ ማታ እግሬን እታጠባለሁ» የሚለው አይበቃም፤ ማታ ረጅም ነው። ልማዱ በጣም በደከሙበት ቀን እንኳ የሚቻል ያህል ትንሽ ይሁን። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከአንድ በላይ አይጀምሩ። ሦስት አራት ልማድ በአንድ ሰኞ የጀመረ ሰው በሚቀጥለው ሰኞ አንዱም አይገኝበትም።

ዕቃው ሥራው ያለበት ቦታ ይቀመጥ። ሳሙና ቤት ውስጥ፣ መጸዳጃው ደግሞ ጓሮ ከሆነ፣ በመካከላቸው ያለው 20 እርምጃ ልማዱን ይገድለዋል። ቀን መዝለል ሲመጣ ደግሞ አይደንግጡ፤ በዚያው ጥናት አንድ ቀን መዝለል ልማዱን የመያዝ ሂደት ያን ያህል አልጎዳውም። ሦስት ቀን በተከታታይ ከተዘለለ ግን ችካሉ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ራስን ከመውቀስ ይልቅ ሌላ ችካል መፈለግ ይሻላል።

ዝናብ ሲገባ

ይህ ወቅት ብዙ የሚባልበት ነው፤ ምክንያቱም ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ሰው የሚታመምበት በዚህ ነው። ጎርፍ ከሜዳው ያለውን እዳሪና የከብት ፍግ ጠርጎ ወደ ምንጭና ጉድጓድ ያስገባል። በደረቁ ወራት ጥርት ያለው ምንጭ ከደፈረሰ፣ የሚታየው ጭቃ ብቻ ሳይሆን የማይታየውም እንደገባበት ይቁጠሩት።

የጣሪያ ውሃ ከምንጩ ይሻላል፣ የመጀመሪያው ካልሆነ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት 400 ሊትር ይወርድበታል፤ የሚረጨውና የሚፈሰው ሲቀነስ 320 ሊትር ያህል ይገኛል። የጣሪያው ስፋት የሚለካው በተዳፋቱ ሳይሆን ከስሩ በሚሸፍነው መሬት ልክ ነው። ከረጅም ድርቅ በኋላ የሚወርደው የመጀመሪያ ውሃ አቧራ፣ የወፍ ኩስና የበሰበሰ ቅጠል ይዞ ስለሚመጣ መጣል አለበት። ለ40 ካሬ ሜትር ጣሪያ በእያንዳንዱ ዝናብ መጀመሪያ ቢያንስ 20 ሊትር ይጣል፤ ከድርቅ በኋላ በሚጥለው በመጀመሪያው ዝናብ ደግሞ እጥፉ።

በእጅ እየቆሙ መጣል ሌሊት ሲዘንብ አይሆንም፤ ስለዚህ ራሱ የሚጥል ቱቦ ይሠራል። ከአሸንዳው ወደ ማጠራቀሚያው በሚወርደው መስመር ላይ፣ ከማጠራቀሚያው በፊት፣ ቁልቁል የሚሄድ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ይገጠማል። 2.5 ሜትር ርዝመት 20 ሊትር ገደማ ይይዛል። ታችኛው ጫፉ በክዳን ይዘጋና በክዳኑ ላይ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳል። ቆሻሻው ውሃ መጀመሪያ ቱቦውን ይሞላል፣ ሲሞላ ቀጣዩ ወደ ማጠራቀሚያው ያልፋል፣ ዝናቡ ሲያባራ የቱቦው ውሃ በቀዳዳው ተንጠባጥቦ ለሚቀጥለው ዝናብ ባዶ ይሆናል። የሚበላሸው ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው፦ ቀዳዳው በደለል ይደፈናል፣ ቱቦው እንደሞላ ይቀራል፣ የሚቀጥለው ዝናብ ቆሻሻ በሙሉ ወደ ማጠራቀሚያው ይገባል። ስለዚህ ክዳኑ የሚፈታ እንጂ የተጣበቀ አይሁን፤ በሳምንት አንዴ ተፈትቶ ይታጠብ።

ከየትም የመጣ ውሃ ለመጠጥ ከሆነ መታከም አለበት። ደፍራሳውን መጀመሪያ አስቀምጦ ማጥለልና በአራት በታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ ማጣራት፣ ከዚያ ከሁለቱ አንዱ፦

ማፍላት፦ ውሃው ከታች እስከ ላይ እየተገለባበጠ ለ1 ደቂቃ ይፍላ። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለሚኖር 3 ደቂቃ ነው፤ እዚያ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ስለሆነ ጊዜ ይጨመርለታል። ከዚያ በላይ ማፍላት እንጨት ማባከን ነው።

በረኪና፦ ሽታ ያልተጨመረበት፣ የሳሙና ቅልቅል የሌለበት፣ በጠርሙሱ ላይ 5 ወይም 6 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚል መሆን አለበት። ለ1 ሊትር ጥሩ ውሃ 2 ጠብታ። ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ጠብታ፣ ማለትም 2 ሚሊ ሊትር ገደማ። ተጣርቶም ደፍረስ ላለ ውሃ እጥፍ። ወዝውዞ 30 ደቂቃ ማቆየት። ከዚያ ሲሸተት ጥቂት የክሎሪን ሽታ ሊኖረው ይገባል፤ ከሌለው ያንኑ መጠን ደግሞ ጨምሮ 15 ደቂቃ መጠበቅ። ሽታው የለም ማለት ክሎሪኑ ቆሻሻውን ሲዋጋ አልቋል ማለት ነው፤ ወይም በረኪናው ራሱ አርጅቷል። ሙቀትና ፀሐይ ያገኘው በረኪና በወራት ውስጥ ኃይሉ ይደክማል፤ ጠርሙሱ ላይ የተከፈተበትን ቀን መጻፍ ይህን ግምት ያስቀራል።

ብዙ ቤት የሚሳሳተው ግን በማከሙ አይደለም፣ ከዚያ በኋላ ነው። የተፈላው ውሃ አፈ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ይገባል፣ ልጅ በኩባያው ከነእጁ ይጠልቃል፣ ነገሩ ሁሉ ከመጀመሪያው ይጀመራል። አፈ ጠባብ ጀሪካን ወይም ቧንቧ ያለው በርሜል ይያዙ፤ ውሃ ይቀዳ ሳይሆን ይንቆርቆር። ችካሉ፦ ማታ እሳቱ ከመዳፈኑ በፊት የነገው ውሃ ይፍላ ወይም ይታከም።

በእግር የሚረገጥ መታጠቢያ

ከመጸዳጃ ቤቱ በር በሁለት እርምጃ ርቀት የሚተከል ነው። የሚያስፈልገው፦ 2 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ባላ እንጨቶች፣ 1 ሜትር የሚሆኑ ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች፣ እጀታ ያለው ባለ 5 ሊትር ጀሪካን፣ ገመድ፣ ሚስማር፣ ሳሙና፣ ጠጠር።

ባላዎቹ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ተራርቀው 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ይተከላሉ፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ በመጀመሪያው ዝናብ ያዘነብላሉ። ጀሪካኑ ላይ ከክዳኑ 12 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ በጋለ ሚስማር ቀዳዳ ይበሳል፤ ሌላ ቀዳዳ በሳሙናው ላይ ገመድ ለማሳለፊያ። አንዱ ዘንግ በጀሪካኑ እጀታ ውስጥ አልፎ በሁለቱ ባላዎች ላይ ያርፋል። በጀሪካኑ አንገት ላይ የታሰረው ገመድ ወደ ታች ወርዶ ሌላኛውን ዘንግ ይይዛል፤ የዘንጉ አንድ ጫፍ መሬት ነክቶ፣ ገመድ ያለበት ጫፍ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ሲረገጥ ጀሪካኑ ይዘነብላል፣ ውሃው በቀጭኑ ይወርዳል። በታጠበ ወይም ባልታጠበ እጅ ከሳሙናው በቀር የሚነካ ነገር የለም፤ ጥቅሙ ይህ ነው። ከስሩ 10 ሴንቲ ሜትር የተቆፈረ ጉድጓድ በጠጠር ይሞላ፣ ጭቃ እንዳይሆን።

ውሃው እምቢ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ስለተዘጋ ነው፤ አየር ካልገባ ውሃ አይወጣም፤ ክዳኑን ትንሽ ላላ ያድርጉት። ቶሎ ቶሎ ካለቀ ቀዳዳው ሰፍቷል፤ ከ2 ሚሊ ሜትር አይበልጥ። ሳሙናው በዝናብ ከሟሸሸ ወይም አይጥና ቁራ ከወሰደው የተበሳ ቆርቆሮ ጣሳ ገልብጠው ከላዩ ያንጠልጥሉ። ሳሙና ሲያልቅ አመድ ይተካዋል። እጥበቱ 20 ሰከንድ ነው፣ በጣቶች መካከልና ከጥፍር ስር ጭምር። እጅ ከመጸዳጃ በኋላና ምግብ ከመነካቱ በፊት ይታጠባል፤ ሕፃን ካጸዱ በኋላና ከከብት ሥራ በኋላም እንዲሁ።

መጸዳጃው ራሱ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከተቻለም ከውሃ ጉድጓዱ በታች፣ ከቁልቁለቱ ጎን ይሁን። የመጸዳጃው ጉድጓድ ወለል ከከርሰ ምድር ውሃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ይህ የሚለካው በደረቁ ወራት ሳይሆን ውሃው ከፍ በሚልበት በዝናቡ ወራት ነው። ዙሪያውን ጎርፍ የሚመልስ ቦይ ይቆፈርለት።

ትንኝ፣ ጭቃና እግር

በሞቃት ጊዜ ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃታል። ስለዚህ በሳምንት አንድ የታወቀ ቀን በግቢው ያለ ውሃ የቋጠረ ነገር ሁሉ (አሮጌ ጎማ፣ ጣሳ፣ የዶሮ መጠጫ፣ የተደፈነ አሸንዳ) ይደፋ። መድፋት ብቻ አይበቃም፤ አንዳንድ ትንኞች እንቁላላቸውን በዕቃው ግድግዳ ላይ ስለሚያጣብቁ ውስጡ ይፈተግ። የወባዋ ትንኝ ደግሞ የምትወደው መሬት ላይ ያቆረ ውሃን ነው፤ እሱ ይደፈን ወይም በቦይ ይፍሰስ። ለማጠራቀሚያው አፍ ወንፊት ያስፈልጋል። የአልጋ አጎበር ፍራሹ ስር ተሸጉጦ ነው የሚሠራው። ሲታጠብ በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣ፤ ፀሐይ መድኃኒቱን ያዳክመዋል።

በባዶ እግር ጭቃ ውስጥ መዋል የሚያመጣው ጣጣ ከመሰንጠቅ ያለፈ ነው። መንጠቆ ትል እርጥብና እዳሪ በነካው አፈር ውስጥ ሆና በእግር ቆዳ ሰርስራ ትገባለች፤ አንጀት ደርሳ ደም ትመጥጣለች። እሳተ ገሞራ ባስገኘው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሠራ ሰው ደግሞ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው የእግር እብጠት ሊይዘው ይችላል፤ የዚህ መከላከያው ጫማና በየቀኑ እግርን በሳሙና መታጠብ ነው፣ ሌላ ውስብስብ ነገር የለውም። ቦቲ ጫማ የሚለብስ ሰውም ውስጡን ያድርቅ፤ ማታ ገልብጦ እሳት አጠገብ (እሳቱ ላይ አይደለም) ያቁመው። በጣቶች መካከል ያለው ቦታ በጨርቅ ይድረቅ፤ ፈንገስ የሚወደው እርጥበቱን ነው።

አጨዳና ውቂያ

በአጨዳ ሰሞን ሰው ጤናውን የሚያስብ አይመስልም፤ ፀሐይና ዝናብ እየተሻሙበት ስለሆነ። ስለዚህ ጥንቃቄው ከሥራው ጋር አንድ ካልሆነ ከነጭራሹ አይደረግም።

ውሃ፦ በሙቀት የሚሠራ ሰው በየ15 ወይም 20 ደቂቃው አንድ ኩባያ፣ 250 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ይጠጣ። ጥም እስኪመጣ መጠበቅ ማርፈድ ነው። በሰዓት ከ1.5 ሊትር በላይ ግን አይሁን፤ ከልክ ያለፈ ውሃ የደምን ጨው ያሳንሳል። የሚያጭድ ሰው ሰዓት አያይም፤ የማሳው ጫፍ በደረሰ ቁጥር ይጠጣ፤ ውሃውም ማሳው ጫፍ ጥላ ስር ይቀመጥ። ሽንት ጠቆር ካለ ውሃው አልበቃም። ሰው ሲቀባዥር፣ ሲንገዳገድ ወይም አካሉ እንደ እሳት ሲግል ይህ ድካም አይደለም፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው፤ ወደ ጥላ ወስዶ፣ ልብሱን አላልቶ፣ ውሃ እያፈሰሱበት እያራገቡ ወደ ሕክምና መሮጥ።

ወገብ፦ ሸክም ከመሬት ሲነሳ ጉልበት ታጥፎ፣ ሸክሙ ከሆድ ሳይርቅ ነው። የሚጎዳው ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ያን ክብደት ይዞ መጠማዘዙ ነው፤ መዞር ሲያስፈልግ እግር ይዙር። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ በአንድ እጅ ከሚንጠለጠል ሁለት ባለ 10 ሊትር በሁለት እጅ ይሻላል። አጭር እጀታ ያለው መቆፈሪያ ሰውን ለሰዓታት ያጎብጠዋል፤ ቀጥ ብለው ሲቆሙ እስከ ደረት የሚደርስ እጀታ ወገብ ያተርፋል። በየ30 ወይም 40 ደቂቃው ሥራ መለወጥም ይረዳል፦ የሚያጭደው ይሰር፣ የሚያስረው ይከምር።

አቧራ፦ ከሻገተ ገለባና ድርቆሽ የሚነሳው ብናኝ ሳንባን ያስቆጣል። ከሥራው ከ4 እስከ 8 ሰዓት ቆይቶ ማታ ላይ የሚመጣ ትኩሳት፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ብርድ መትቶኝ ነው ተብሎ ይታለፋል፤ በተደጋገመ ቁጥር ግን ሳንባው ይጠባሳል። በውቂያ ጊዜ ነፋሱን ከኋላ ማድረግ፣ የሻገተውን ከመበተን በፊት ውሃ ረጨት ማድረግ። ተራ ጨርቅ አፍ ላይ ማሰር ትልልቁን አቧራ ይይዛል፣ ደቃቁን የሻጋታ ብናኝ ግን አያስቆምም።

እህሉን ማድረቅ ራሱ የጤና ሥራ ነው፤ ይህን የሚያስበው ጥቂት ሰው ነው። በቆሎና ኦቾሎኒ ሳይደርቁ ከተከማቹ የሚያበቅሉት ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ ጉበትን ይጎዳል፣ ለጉበት ካንሰርም ያጋልጣል። ሲቀቀል ወይም ሲጋገር በቀላሉ አይጠፋም። ለምትታለብ ላም ቢሰጥም በወተቷ ይመለሳል። ስለዚህ እህሉ በባዶ መሬት ሳይሆን በሸራ ላይ፣ ስስ ሆኖ ተሰጥቶ፣ በቀን ብዙ ጊዜ እየተገላበጠ፣ ማታ እየተሸፈነ ይድረቅ። የበቆሎ እርጥበት 13 በመቶ ሲደርስ ለማከማቸት ይሆናል።

መለኪያ ለሌለው የጨው ሙከራ አለ። ፍጹም ደረቅ የሆነ ክዳን ያለው ጠርሙስ፣ ሲሶው ድረስ እህል፣ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ጨው። ለ1 ደቂቃ መወዝወዝ፣ 15 ደቂቃ ማቆየት። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ስለሆነ ይመለስና ይሰጣ። ጨውም ጠርሙሱም አስቀድመው ፀሐይ ላይ ካልደረቁ ሙከራው ይዋሻል። አየር የማያስገባ ከረጢት ነቀዝን ይገድላል፣ እርጥብ እህልን ግን አያድንም፤ እዚያው ያበሰብሰዋል።

ደረቁ ወር

ሥራ ሲቀዘቅዝ እንቅስቃሴም ይቀዘቅዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ በእርሻ ሰሞን ይህ በሁለት ቀን ያልፋል፣ አሁን ግን ሊጎድል ይችላል። አዲስ ስፖርት መፈልሰፍ አያስፈልግም፤ ለደረቁ ወር የተተወውን ሥራ (አጥር፣ እርከን፣ የማገዶ ፈለጣ፣ የቦይ ጠረጋ) በአንድ ሳምንት ጨርሶ ሁለት ወር ከመቀመጥ በየቀኑ 30 ደቂቃ እየቆረሱ መሥራት ነው። ጨውም እንዲሁ ወቅት አለው፤ ላብ በማይወርድበት ጊዜ የአዋቂ የቀን ጨው ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ በታች ይሁን።

የማገዶው ጉዳይ ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል፤ ምክንያቱም የቤት ጭስ በዓመት ውስጥ ከሚተነፈሰው መጥፎ አየር ትልቁን ድርሻ ይይዛል። እርጥብ እንጨት መጀመሪያ የሚያቃጥለው ውሃውን ነው፤ ሙቀቱ ይባክናል፣ ጭሱ ይበዛል። በዝናብ ወራት የሚነደው እንጨት የሚዘጋጀው በዝናብ ወራት ሳይሆን ደረቁ ወር በገባበት ሳምንት ነው። ተፈልጦ (ያልተፈለጠ ግንድ ውስጡ ለመድረቅ እጅግ ይዘገያል)፣ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በድንጋይ ወይም በአግዳሚ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ይደርደር። ከላይ ብቻ ይሸፈን፤ ጎኑን በላስቲክ መጠቅለል እርጥበቱን ማሰር ነው። ስድስት ወር ቢያገኝ ጥሩ። የደረቀ እንጨት ጫፉ ይሰነጣጠቃል፣ ሁለቱ ሲጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣሉ፤ እርጥቡ ድምፁ ዱብ የሚል ነው። ለማብሰያው ክፍል ከግድግዳው ላይኛ ጫፍ፣ ነፋስ ከማይመታው ጎን፣ መስኮት ይከፈትለት፤ ጭስ ሽቅብ ስለሚሄድ ዝቅ ያለ መስኮት ብዙ አይጠቅምም።

በቀዝቃዛ ሌሊት ፍም በምድጃ ይዞ ወደ መኝታ መግባት ግን በምንም ችካል የማይታሰር፣ ጨርሶ መተው ያለበት ልማድ ነው። ጭስ የለውም ማለት አደጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ቤት ውስጥ ያሉትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከያዛቸው ምግብ ከመጠርጠር በፊት ወደ ደጅ መውጣት።

ይህ ወቅት ለውሃ የፀሐይ ማከሚያም ይመቻል። ጥርት ያለና ያልተጫረ ባለ 2 ሊትር ወይም ያነሰ የፕላስቲክ ጠርሙስ በውሃ ሞልቶ ቆርቆሮ ላይ ማጋደም፤ ጠራራ ፀሐይ ከሆነ ለ6 ሰዓት ያህል፣ ሰማዩ ከግማሽ በላይ ደመና ከሆነ ሁለት ተከታታይ ቀን። ውሃው መጥራቱን ለማወቅ የሞላውን ጠርሙስ ጋዜጣ ላይ አቁሞ በአፉ በኩል ቁልቁል ማየት ነው፤ የርዕሱ ፊደል ካልተነበበ ውሃው መጀመሪያ ይጣራ።

አረንጓዴ ቅጠል በሚጠፋበት ጊዜ እንዳይቸግር በበዛበት ጊዜ ይደርቃል። ታጥቦ፣ በፈላ ውሃ 2 ወይም 3 ደቂቃ ተነክሮ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ተመልሶ፣ ስስ ሆኖ ጥላ ላይ ይሰጣል። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ቀለሙ ይቀንሳል፣ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ እንዲሁ። በእጅ ሲጨበጥ እንደ ወረቀት ከተንኮሻኮሸ ደርቋል፤ ብርሃን በማያገኝ ዕቃ ይቀመጥ።

መሬት ሲዘጋጅ

እዚህ ላይ የሚባለው አጭር ነው። ለአፈር ሥራ የወጣ ሰው ከመጀመሪያው ቀን በፊት የቴታነስ ክትባቱ ያለፈበት መሆን አለመሆኑን ይጠይቅ። በዶማ የተቆረጠ ቁስል በውሃና ሳሙና ይታጠብ፤ አፈርና ፍግ በቁስል ላይ መለጠፍ ቴታነስን መጋበዝ ነው። ውሻ ወይም ሌላ እንስሳ የነከሰው ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሚወርድ ውሃና በሳሙና አጥቦ፣ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም፣ በዚያው ቀን ለክትባት ይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሕክምና አያገኘውም ማለት ይቻላል። ፀረ ተባይ የሚረጭ ሰው ነፋሱ ከጀርባው ይሁን፤ ልብሱ ከቤተሰቡ ልብስ ተለይቶ ይታጠብ፤ የመድኃኒቱ ዕቃ ተበስቶ ይወገድ እንጂ ለውሃም ለዘይትም አይሁን።

ችካል የሚነቀልበት ሳምንት

ወቅቱ ሊለወጥ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ ማታ ቤተሰቡ ተቀምጦ የተጻፈውን ዝርዝር ያውጣ። ከእያንዳንዱ ልማድ አጠገብ አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፦ ይህ የታሰረበት ሥራ በሚቀጥለው ወር ይኖራል? ከሌለ አዲሱ ችካል አሁኑኑ ይመረጥና ለሁለቱ ሳምንታት ልማዱ በሁለቱም ላይ ይደረግ፤ ከምንጭ ሲመለሱም፣ ከጣሪያው ማጠራቀሚያ ሲቀዱም። አሮጌው ሲነቀል አዲሱ ቆሞ ያገኘዋል።

ሥራው ለአንድ ሰው ብቻ ከተተወ ያ ሰው በታመመ ወይም ገበያ በሄደ ቀን ሁሉም ይቆማል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልማድ ሁለት ባለቤት ይሰየም። ልጆች ለሳምንታዊው የውሃ መድፋት ጥሩ ናቸው፤ ከትልልቆቹ ይልቅ የተደበቀ ጣሳ የሚያገኙት እነሱ ናቸው።

በዚያው ማታ የሚፈተሹ ዕቃዎች፦ የቱቦው ክዳን ቀዳዳ፣ የአሸንዳው ቅጠል፣ የመታጠቢያው ገመድ (ፀሐይ የበላው ገመድ ሲነካ ይፈረፈራል)፣ የአጎበሩ ቀዳዳ፣ የቦቲ ጫማው ስንጥቅ፣ የማገዶው ቁመት፣ በበረኪናው ጠርሙስ ላይ የተጻፈው ቀን።